የኤርባግ መብራት ሲበራ፦ ከአንድ ያገለገለ ስፖርት መኪና የተገኘ ተሞክሮ

በዳሽቦርድ ላይ ከሚበሩ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ሁሉ ሰው አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው የኤርባጉን ነው። የዘይት መብራት ሲበራ ሁሉም ይደነግጣል፤ የሞተሩ ሲበራ ጋራዥ ይሄዳል። የኤርባጉ ግን መኪናውን አያቆመውም፣ ጉልበቱን አይቀንሰውም፣ ድምፅም አያሰማም። ስለዚህ ወራት ያልፋሉ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ያገለገሉ የቅንጦት መኪኖችን በጥሩ ዋጋ እናገኛለን፤ ብዙዎቹ ይህ መብራት እየበራ ይገዛሉ፣ እየበራም ይነዳሉ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። መብራቱ ሲበራ ኮምፒውተሩ እያለ ያለው፣ «ዛሬ ብትጋጩ ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል» ነውና።

የእኔ መኪና የጀርመን ሥሪት፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያው በሞተር የሚታጠፍ ስፖርት መኪና ናት። ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት ይበልጣል። የገጠማት ችግር የአንድ ፋብሪካ ብቻ ስላልሆነ እዚህ የምጽፈው ሌላ ዓይነት ለሚነዳም ይሠራል። አንዳንዱ ነገር ግን የስፖርት መኪኖች ጠባይ ነው፦ መቀመጫቸው ወለሉን ሊነካ የቀረበ ነው፣ ጣሪያቸው ውኃ ያስገባል፣ ክረምቱን ሙሉ ቆመው ባትሪያቸው ይደክማል። ሦስቱም ወደ ኤርባግ መብራት ይወስዳሉ።

መጀመሪያ መብራቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። ቁልፉን ስታዞሩ ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት፤ በዚያ ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱን እየፈተሸ ነው። ካልጠፋ ጥፋት አግኝቷል ማለት ነው። ጨርሶ ካልበራ ደግሞ የባሰ ነው፤ አምፖሉ ራሱ ተቃጥሎ ካልሆነ አንድ ሰው ነቅሎታል፣ ወይም ከኋላው ሸፍኖታል፣ ወይም ሌላ ዘዴ ተጠቅሟል። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አሞቆ ከጠበቃችሁ አጥፉትና ራሳችሁ ቁልፉን አዙሩ። ሲበራም ሲጠፋም በዓይናችሁ እዩት።

ከመብራቱ በስተጀርባ ያለው ነገር ውስብስብ አይደለም። የኤርባግ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር በአብዛኞቹ መኪኖች መሐል ወለሉ ላይ፣ ከማርሽ ማስገቢያው አካባቢ በብሎን የታሰረ ትንሽ ሣጥን ነው። ከእርሱ የሚነሡ መስመሮች በመሪው ውስጥ ወዳለው ኤርባግ፣ ወደ ተሳፋሪው ኤርባግ፣ በመቀመጫው ጎን ወዳሉት ኤርባጎችና በግጭት ጊዜ ቀበቶውን ወደሚስቡት መሣሪያዎች ይሄዳሉ። በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያ አለ፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በተለምዶ ሁለት ኦም አካባቢ ነው። ኮምፒውተሩ መኪናው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ በጣም አነስተኛ ኤሌክትሪክ እየላከ ይህን ተቃውሞ ይለካል። ከተወሰነለት ልክ በላይ ከወጣ ወይም በታች ከወረደ የጥፋቱን ዓይነት የሚገልጽ ኮድ ይመዘግብና መብራቱን ያበራል፤ እንደ መኪናው አሠራርም ሥርዓቱን በከፊል ወይም በሙሉ ሊዘጋው ይችላል።

ልብ በሉ፤ የሚለካው ሁለት ኦም ገደማ ነው። በአንድ ስፒና ውስጥ ያለ ቀጭን ዝገት ለፍሬቻ አምፖል ምንም አይደለም፤ ለዚህ መስመር ግን መብራት ለማብራት ይበቃል። ብዙ ሰው መብራቱ ሲበራ ኤርባጉ የተበላሸ ይመስለዋል። ኤርባጉ ራሱ ግን እምብዛም አይበላሽም። የሚበላሸው መንገዱ ነው፦ ስፒናው፣ ሽቦው፣ በመሪው ሥር ያለው ገመድ፣ የቀበቶው መቆለፊያ።

እኔ በመጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ መኪናዋን ለጥቂት ጊዜ አይቶ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተርም የሾፌሩ ቀበቶም መለወጥ አለባቸው አለኝ። የጠየቀው ገንዘብ ከመኪናዋ ዋጋ ሩብ ይጠጋ ነበር። የትኛው ኮድ ተገኝቶ እንደሆነ ስጠይቅ የሚያሳየኝ ወረቀት አልነበረም። በአሌክሳንድሪያ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ፤ ጋሼ ብዬ ነው የምጠራቸው። ደውዬ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ኮዱን ሳታነብ ካቻቢቴ አታንሣ፤ ኮዱን ላላሳየህ ሰውም ገንዘብ አትክፈል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ከዚህ ምክር የወጣ ነው።

ኮዱን ማንበብ ግን በማንኛውም መሣሪያ አይሆንም። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ሁሉ ከመሪው በታች ባለ አሥራ ስድስት ቀዳዳ የምርመራ ሶኬት አላቸው። ሕጉ ያስገደደው ግን ከጭስ ጋር የተያያዙትን የሞተር ኮዶች ለሁሉም ክፍት ማድረግን ነው። በየሱቁ የሚሸጡት ርካሽ ማንበቢያዎች አብዛኞቹ የሚያነቡት እነዚያን ብቻ ነው። ከኤርባግ ኮምፒውተሩ ጋር ስለማይነጋገሩ «ምንም ኮድ የለም» ይላሉ፤ መብራቱ እየበራም ባለቤቱ ይጽናናል። ስትገዙ ወይም ስትዋሱ ለመኪናችሁ ሥሪት የተዘጋጀና የኤርባግ ክፍሉን እንደሚያነብ በግልጽ የተጻፈበትን ምረጡ። ጥሩ መሣሪያ ኮዱ አሁን ያለ ይሁን ወይስ ታይቶ የጠፋ ለይቶ ይነግራል፤ በብዙ መኪኖች ላይ የእያንዳንዱን መስመር ተቃውሞ በቁጥር እስከማሳየት ይደርሳል። እኔን ከግምት ያወጣኝ ይህ ቁጥር ነው።

በእኔ መኪና ላይ የተገኙት ሁለት ኮዶች ነበሩ። አንዱ የባትሪ ኃይል ማነስ ነው። መኪናዋ በክረምት ቆማ ስለከረመች ሞተሩ ሲነሣ ኃይሉ በጣም ይወርድ ነበር፤ የኤርባግ ኮምፒውተሩም ይህን እንደ ጥፋት መዝግቦታል። ባትሪውን በሚገባ ሞላሁት፣ ኮዱን አጠፋሁት፣ አልተመለሰም። ለሚቆም ስፖርት መኪና ሁልጊዜ የሚሰካ ትንሽ ቻርጀር መግዛት ከብዙ ራስ ምታት ያድናል።

ሁለተኛው ኮድ የሾፌሩን ቀበቶ ሳቢ መስመር የሚመለከት ነበር፦ ተቃውሞው ከልክ በላይ፣ አንዳንዴ የሚመጣ አንዳንዴ የሚጠፋ። መሣሪያውን ሰክቼ ቁጥሩን እያየሁ መቀመጫውን በራሱ ሞተር ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቀስኩት። ገመዱን በእጄ አልጎተትኩም፤ ሥርዓቱ ኤሌክትሪክ እያለው የኤርባግ ሽቦ አይነካም። መቀመጫው ወደ ኋላ ሲያልቅ ቁጥሩ ዘለለ፤ ወደ ፊት ሲመጣ ተመለሰ። እንግዲህ ጥፋቱ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ኮምፒውተሩም ቀበቶውም ንጹሕ ናቸው።

መቀመጫ ከማንሣታችሁ በፊት ማድረግ ያለባችሁን በጥብቅ እናገራለሁ። ቁልፉን አጥፍታችሁ አውጡት። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና እንዳይመለስ አርቃችሁ እሰሩት። ከዚያ ጠብቁ። የኤርባግ ኮምፒውተሩ በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢቆረጥ እንኳ ኤርባጉን መክፈት እንዲችል በውስጡ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ያ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ደቂቃው እንደየመኪናው ስለሚለያይ የመኪናችሁን የጥገና መመሪያ ተመልከቱ፤ እኔ መመሪያው ከሚለው አብልጬ እጠብቃለሁ። ስፒና ከመንቀላችሁ በፊት በሰውነታችሁ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የመኪናውን ባዶ ብረት ንኩ። ኤርባግን ወይም ቀበቶ ሳቢን በተራ ቴስተር በቀጥታ አትለኩ፤ ቴስተሩ የሚልከው ኤሌክትሪክ ማቀጣጠያውን ሊያነሣው ይችላል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎችን ቪዲዮ አይቻለሁ፤ እባካችሁ አትከተሏቸው።

መቀመጫውን የያዙትን ብሎኖች ፈትቼ ወደ ኋላ ሳጋድመው ቢጫው ስፒና ታየ። የኤርባግ ስፒናዎች አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ናቸው፤ መካኒኩ ከሌላው እንዲለያቸው ነው። ከሥሩ ያለው ሞኬት እርጥብ ነበር። ስፒናውን ስከፍተው ከሁለቱ ቀጫጭን መርፌዎች አንዱ እስከ ግማሹ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል፤ ሌላው ያበራል። ያ ሁሉ የተጠየቀው ገንዘብ ለዚህች ከጥፍር ለማትበልጥ አረንጓዴ ነገር ነበር።

ውኃው ከየት መጣ? ጣሪያቸው የሚታጠፍ መኪኖች የዝናቡን ውኃ ወደ ውጭ የሚያወርዱ ቱቦዎች አሏቸው። ቅጠልና አፈር ሲዘጋቸው ውኃው ወደ ውስጥ ይፈስና ከሞኬቱ ሥር ይተኛል፤ ከላይ ደርቆ ከታች ወር ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ቱቦውን በኃይለኛ አየር አትንፉት፤ ውስጥ ከተገጠመበት ሊወልቅና ችግሩን ሊያብሰው ይችላል። እኔ ሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚጠቀለለውን ወፍራም የፕላስቲክ ገመድ በቀስታ አስገብቼ ጠረግሁት፤ ከዚያ ለብ ያለ ውኃ አፍስሼ በጎማው አጠገብ ሲወርድ አየሁ። ሞኬቱን አንሥቼ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ አደረቅሁ። ይህ ካልተደረገ ስፒናውን ብታጸዱትም በሚቀጥለው ክረምት ያው ነው።

ስፒናውን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በቢላዋ አትፋቁት። ብዙዎቹ መርፌዎች ስስ የወርቅ ሽፋን ስላላቸው ፍቆት ሽፋኑን ያነሣዋል፤ ዝገቱም በፍጥነት ይመለሳል። ለኤሌክትሪክ ስፒና የተሠራ የማጽጃ ስፕሬይ አለ፤ ነፍታችሁ በደንብ ይድረቅ። የእኔው ግን ከጽዳት አልፎ ስለነበር ፋብሪካው ለዚህ የሚሸጠውን፣ ጫፉ ተሠርቶ የተዘጋጀውን የጥገና ሽቦ ገዝቼ መመሪያው በሚያዝዘው መቆንጠጫ አገናኘሁት። ሽቦ ጠምዝዞ በቴፕ መጠቅለል በዚህ መስመር ላይ ፈጽሞ አይሆንም። አንዳንድ አምራቾች የተወሰኑ የኤርባግ ሽቦዎች ጭራሹን እንዳይጠገኑ፣ ተሟልተው እንዲለወጡ ያዝዛሉ፤ መመሪያውን ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቢጫው ስፒና ሲነቀል ውስጡ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ሁለቱን መርፌዎች እርስ በርስ ታገናኛቸዋለች፤ በድንገተኛ ኤሌክትሪክ ኤርባጉ እንዳይነሣ ለጥንቃቄ የተደረገ ነው። ስፒናው እስከ መጨረሻው ሲገባ ምላሷ ትነሣለች። ስለዚህ «ተቃውሞው ከልክ በታች» የሚል ኮድ ካገኛችሁ ሽቦ ተቃጥሏል ከማለታችሁ በፊት ስፒናው እስከ መቆለፊያው መግባቱን አረጋግጡ። መቀመጫ ወጥቶ በተመለሰባቸው መኪኖች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። መቀመጫው ወጥቶ ሳለም ባትሪውን መልሳችሁ ቁልፉን አታዙሩ፤ ኮምፒውተሩ የጎደለውን ሁሉ ይመዘግብና ተጨማሪ ኮድ ታተርፋላችሁ።

ሁሉን መልሼ ስጨርስ ባትሪውን ያሰርኩት መኪናው ውስጥ ማንም ሳይኖር ነው። ቁልፉንም ስከፍት ሰውነቴን ከኤርባጉ ፊት አርቄ ነበር። ኮዱን አጠፋሁት፣ መብራቱ ጠፋ።

ከጥቂት ወራት በኋላ መብራቱ ተመለሰ፤ ነገር ግን በሌላ ኮድ። አሁን የተመዘገበው የሾፌሩ ኤርባግ መስመር ተቃውሞ መጨመር ነው። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሳዞር ቁጥሩ ይዘላል። በዚያው ሰሞን ክላክሱ አንዳንዴ እምቢ ይል ነበር፣ የሬዲዮው ቁልፍ በመሪው ላይ አይሠራም ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ጥርጣሬው ወዲያው የሚያርፈው መካኒኮች ክሎክ ስፕሪንግ በሚሉት ዕቃ ላይ ነው፦ በመሪው ሥር እንደ ሰዓት ስፕሪንግ የተጠቀለለ ስስ ሪባን ገመድ፣ መሪው ሲዞር አብሮ የሚጠቀለልና የሚፈታ። ከዓመታት በኋላ ሪባኑ ይሰነጠቃል። አሮጌውን አውጥቼ ስከፍተው ከመዳብ መስመሮቹ አንዱ በእጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሪባኑ ሲወጠር ይለያያል፣ ሲላላ ይገጥማል።

ይህን ለመለወጥ ጎማዎቹ ፍጹም ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ባትሪው ተፈትቶ፣ ጊዜው ከተጠበቀ በኋላ የመሪው ኤርባግ ይወጣል፤ በብዙ መኪኖች ከኋላ በኩል ቶርክስ በሚባለው ባለ ኮከብ ብሎን ወይም በስፕሪንግ ተይዟል። ሲወጣ ከሰውነታችሁ አርቃችሁ ያዙት፤ ስታስቀምጡትም ሽፋኑ ወደ ላይ ይሁን። ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ በድንገት ቢነሣ ከባድ ዕቃ ሆኖ ይወነጨፋል። ኤርባግ ሙሉ በሙሉ የሚነፋው በ30 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሆነ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። አዲሱ ገመድ መሐል ላይ ተቆልፎ ይመጣል፤ መቆለፊያውን መሪው ከመግጠሙ በፊት አውጥታችሁ ካዞራችሁት ሪባኑ ወደ አንድ ወገን ያጥርና መሪውን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ስታጥፉት ይበጠሳል። የመሪው ብሎን በመመሪያው ልክ መጥበቅ አለበት፤ አንዳንድ አምራቾች በአዲስ እንዲለወጥ ያዝዛሉ። ከዚያ በኋላ የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩ በመሣሪያው እንደገና ካልተስተካከለ የመረጋጋት መቆጣጠሪያው መብራት ሊበራባችሁ ይችላል። ክሎክ ስፕሪንጉን ኦሪጅናል ግዙ። ርካሾቹ ይገጥማሉ፣ ይሠራሉም፤ ዕድሜያቸው ግን አያስተማምንም፣ ሥራው ደግሞ ሁለት ጊዜ ሊሠሩት የሚያጓጓ አይደለም። በዚህ ሥራ እጃችሁ ካልለመደ ኮዱንና ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ባለሙያ ሂዱ፤ ጥፋቱን የሚያውቅ ደንበኛ ግማሹን ገንዘብ አድኗል።

በቨርጂኒያ ዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ ይህን መብራት ይመለከታል፤ ከበራ መኪናው አያልፍም፣ ውድቅ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይለጠፍበትና እንዲጠገን 15 ቀን ይሰጣል። ይህን ለማምለጥ አንዳንዶች የሚያደርጉት ነገር ያስቆጣኛል። ተጋጭቶ ኤርባጉ በተነሣ መኪና ላይ አዲስ ኤርባግ ከመግዛት ይልቅ በስፒናው ላይ ጥቂት ሳንቲም የምታወጣ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ብቻ ያላት ትንሽ ዕቃ፣ ይሰካሉ። ኮምፒውተሩ የሚጠብቀውን ኦም ስላገኘ መብራቱን ያጠፋል፤ ሽፋኑ ሥር ግን ባዶ ነው። ከዚያ መኪናው ታጥቦ ይሸጣል። የሚገዛው ሰው ልጅ ወይም እናት በዚያ መቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ጥገና አይደለም፣ በሰው ነፍስ ላይ የሚደረግ ማጭበርበር ነው። የግጭት ታሪክ ያለው መኪና ስትገዙ የኤርባጉን ሽፋን ቀለምና ስፌት ከሌላው ጋር አስተያዩ፣ የተለወጡ ዕቃዎችን ደረሰኝ ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካላችሁ በባለሙያ አስከፍቱት። በ2024 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ባለሥልጣን ከግጭት በኋላ በርካሽና ከደረጃ በታች በሆነ ኤርባግ የተተካባቸው መኪኖች ሰው እንደገደሉ አስጠንቅቋል።

መብራቱ ሊነግራችሁ የማይችለው ሌላ ነገር የታካታ ጉዳይ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ ማንፊያዎች ውስጥ ያለው፣ ኤርባጉን የሚነፋውን ጋዝ የሚያመነጨው አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ኬሚካል ከዓመታት ሙቀትና እርጥበት በኋላ ባሕርዩ ይለወጥና ኤርባጉ ሲነሣ ብረቱን ሰባብሮ ወደ ሰው ሊወረውር ይችላል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባጎች እንዲመለሱ ተጠርተዋል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ጥሪው ተራ መኪኖችን ብቻ ሳይሆን ቢኤምደብሊውን፣ መርሴዲስን፣ ፌራሪንና ማክላረንን ሳይቀር ያካትታል። እንዲህ ያለው ማንፊያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ትክክል ስለሆነ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው ይላል፣ መብራቱም ይጠፋል። የሚታወቀው በሻሲ ቁጥሩ ብቻ ነው። በባለሥልጣኑ ድረ ገጽ ላይ አሥራ ሰባቱን ፊደልና ቁጥር ስታስገቡ ያልተፈጸመ ጥሪ ካለ ወዲያው ይወጣል፤ ቅያሬውም ለባለቤቱ በነፃ ነው። ከአሜሪካ ወጥቶ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል አዲስ አበባ የገባ መኪና የሚነዳ ዘመድ ካላችሁ ቁጥሩን አስልኩና እናንተ ፈትሹለት፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ ውጤቱ ይወጣል።

እኔ ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ኮዱን አጥፍቼ፣ መኪናዋን በጉድጓድም በጠመዝማዛም መንገድ ነድቼ፣ መሪውን በሁለቱም ወገን ሙሉ አዙሬ፣ መቀመጫውን ዳር እስከ ዳር አንቀሳቅሼ እንደገና አነባለሁ። የመስመሮቹን ኦም ከነቀኑ እጽፋለሁ። ቀስ እያለ የሚወጣ ቁጥር ካየሁ መብራቱ እስኪበራ አልጠብቅም፤ መጀመሪያ ሞኬቱን አንሥቼ እርጥብ መሆኑን እዳስሳለሁ።